ስለ ዝምተኛው ሣጥን የቀረበ ግለ ሂስ

ለተከበሩ ጓድ ዒልሚ ፋራህ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ጥፋተኛዋ እኔ መሆኔን ስለ ማሳወቅና አባቴ እንዲተኛ ስለ መለመን

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ በዚህ የግንቦት ሙቀት እንዴት ሰነበታችሁ? ራስ ምታት እንዳይነካዎ፣ የቢሮዎ ቬንቲሌተር እንዳይቆምብዎ፣ በተለይም ከምሳ በኋላ ጋደም የሚሉባትን ሰዓት ማንም እንዳያውክብዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንዳጠበቅኩት ወደ ታች ሲያነቡ ይረዱታል።

እኔ ዐስሊ ሰማታር እባላለሁ። ካላወቁኝ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ከቢሮዎ አራተኛው ግቢ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ስኖር ሰው እንዳያየኝ የግድግዳ ጥግ ይዤ ነው የምሄደው። በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ተራዬ ሲደርስ ድምፄ አልወጣ እያለ፣ ከኋላዬ ላለችው ሴት ቦታዬን ለቅቄ ስኳር ሳልይዝ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ቤት ስገባ ስኳሩ አለቀ እላለሁ፤ በዚህም የቀበሌያችንን ሱቅ ስም በከንቱ ሳጠፋ ኖሬአለሁ። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ፊደል የቆጠርኩት የአባቴን እህት ኤዶ ሃዎን ተከትዬ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ በመግባት ሲሆን፣ እሷ ስትማር እኔ ከጀርባዋ ተደብቄ እሰማ ነበር። ስለዚህ በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ቢያገኙ የዘመቻው ሳይሆን የመደበቄ ውጤት ነው። እንደሚያውቁት እኛ ሰፈር ትልቁም ትንሹም «አንተ» ተባብሎ ነው የሚኖረው፤ ለእርስዎ ክብር ሲባል ግን «እርስዎ» እያልኩ ለመጻፍ ሁለት ደብተር ሙሉ ተለማምጃለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከቢሮዎ በር አጠገብ ባለው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የለጠፍኩት ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ፊትዎ ብቀርብ አንድ ቃል እንደማይወጣኝ ስለማውቅ ነው። ጋዜጣው «ሂስና ግለ ሂስ» የሚል ዓምድ አለው፤ ከሥሩም ሰፊው ሕዝብ ጥፋቱን በነጻነት እንዲገልጽ የሚጋብዝ ጽሑፍ አለ። ከመጋቢት ወር ጀምሮ በዓምዱ ላይ የወጣው አንድ ስለ ፍየል የተጻፈ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ሰፊው ሕዝብ ጥፋት ስላልተገኘበት ይሆናል። ቦታው ባዶ ሆኖ ከሚታይ የእኔ ይሙላው ብዬ ነው።

ጉዳዩን ላልሰሙ ጎረቤቶች ባጭሩ ልግለጸው። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ሐሙስ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ የአብዮት ጥበቃው ጓድ ሊበን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ቤታችን መጥቶ አንድ የእንጨት ሣጥን አስጭኖ ሄደ። አባቴ ሰማታር ባቡር ጣቢያ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው። ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዞረውን ማንሻ የሚስበው እሱ ስለሆነ እንቅልፉን የሚተኛው በቀን፣ ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ይህ ሣጥን ምንድን ነው ሲባል አላውቅም አለ። ውስጡ ያለው መኪና ቤትህ ውስጥ ሲሠራ አልሰማህም ወይ ሲባል ምንም አልሰማሁም አለ። እውነቱን ነው። ነገር ግን በአንድ መጋረጃ በተከፈለች ቤት ውስጥ መኪና ሲሠራ ያልሰማ አባወራ ስለማይታመን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከበርዎ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲያስታውስ ታዘዘ። ያልሰማውን ነገር ለማስታወስ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሞክሯል።

ሣጥኑ የእኔ ነው። ጥፋቶቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ሲኒማ ቤት መግባት አፈርኩ። አምና አንድ ቀን ደፍሬ ሄጄ ነበር። ቲኬት የሚቀደው ሰውዬ «ግቢ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» ሲለኝ ሰልፉ ሁሉ የሳቀብኝ መስሎኝ ቲኬቴን እንደያዝኩ እስከ ደቻቱ ድልድይ ድረስ ሮጥኩ። ቲኬቱ አሁንም አለኝ፤ ጥጉ እንኳ አልተቀደደም። ሲኒማ ቤት መግባት ያልቻለ ሰው ሲኒማውን ቤቱ ማስገባት አለበት ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። ይህ አሳብ ከግለኝነት የመነጨ መሆኑን ዘግይቼ ተረድቻለሁ።

2ኛ. በሰው ዕቃ ተቀመጥኩ። ኤዶ ሃዎ በድሮው ጊዜ ልብስ የምታጥብለት አንድ የግሪክ ነጋዴ በስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት አገር ለቅቆ ሲሄድ ስመለስ እወስደዋለሁ ብሎ አንድ ትልቅ ሻንጣ እሷ ዘንድ ተወ። ቤቱና ሱቁ ተወርሷል፤ ሻንጣውን ግን ማንም ስላልጠየቀን አሥራ ሦስት ዓመት እንደ በርጩማ ተቀመጥንበት። አንድ ቀን ስንከፍተው ስድስት የፊልም ጥቅልና አንድ የፊልም ማሳያ መኪና አገኘን። የመኪናው ሞተር ተቃጥሏል፣ አምፖሉ ተሰብሯል፤ ጥርሶቹና መስታወቱ ግን ደህና ነበሩ። ፊልሞቹ ሰውየው ራሱ ያነሳቸው ናቸው። ባሕር አለ፣ ሠርግ አለ፣ ዱላ እያመጣ የሚመላለስ ውሻ አለ፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰው በድልድዩ ላይ ቆሞ የሚያይበት አለ። በተፈጥሯቸው ድምፅ የላቸውም፤ በዚህ እኔን ይመስላሉ። የቀረኝ ሥራ መኪናውን ዝም ማሰኘት ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ፊልም የሚታየው ከሰዓት በኋላ አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቶ እያለ ነው፤ በሌላ ሰዓት ቤቱ በሰው የተሞላ ነው።

3ኛ. የቤታችንን ቬንቲሌተር ሰረቅኩ። ሞተር ስመርጥ መጀመሪያ ከአሸዋ ገበያ የልብስ ስፌት መኪና ሞተር አምጥቼ ሞከርኩ። እንደ ታረደች ዶሮ ስለጮኸ ኤዶ ሃዎ ጫማዋን ወረወረችበት፤ አልሳተችም። ቀጥሎ የሸክላ ማጫወቻ ሞተር አመጣሁ። እሱ እጅግ ጨዋ ነበር፣ ግን አቅም የለውም፤ ውሻው አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። በመጨረሻ የጠረጴዛ ቬንቲሌተራችን ሞተር ታየኝ። ዝምተኛ ነው፣ አይደክምም፣ የሚዞረው ላባውም ካልተነቀለ አምፖሉን እግረ መንገዱን ያቀዘቅዛል። በዚህ ምርጫዬ በጣም ኮርቼ ስለነበር፣ አባቴ በግንቦት ሙቀት ያለ ቬንቲሌተር እንደሚተኛ ያስተዋልኩት ፈታትቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ተቃጠለ ብዬ ዋሸሁት። ደግሞ ቬንቲሌተሩ ሲነሳ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ትንኝም ይሰማል። በገዛ እጄ ሥራዬን በእጥፍ አከበድኩት። ፍርድ ሲሰጡ ከዚህ ቢጀምሩ ቅር አይለኝም።

4ኛ. ቺንጋ አሰፋሁ። ሞተሩን ከፊልሙ መኪና ጋር የሚያገናኘው ከእግር ስፌት መኪና የተወሰደ የቆዳ ቺንጋ ነው። የቺንጋው ሁለት ጫፍ በሽቦ የተያያዘ ስለነበር ሽቦው በዞረ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል። አንድ ሳምንት ይህ ቀጭታ በሕልሜ ሳይቀር ሲመጣ ቆየ። በመጨረሻ የሰፈራችን አንዲት ልብስ ሰፊ ሽቦውን ነቅላ ጫፍና ጫፉን በክር ስለሰፋችው ዝም አለ። ስሟን እዚህ ቦታ አልጠቅስም።

5ኛ. ባትሪ ተዋስኩ። አምፖሉ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ነው። በትራንስፎርመር ብናበራው ትራንስፎርመሩ እንደ ተናደደ ንብ ያጉረመርማል፤ ባትሪ ግን ምንም አይልም። ወደ ዋሂል ከምትመላለስ የጭነት መኪና የወጣ አሮጌ ባትሪ አገኘሁ። በምርመራ መዝገብዎ ላይ «ለማይታወቅ ዓላማ የተዘጋጀ ባትሪ» ተብሎ መስፈሩን አባቴ ነግሮናል። ዓላማው ዝም ማለት ነበር።

6ኛ. ሣጥን በጆሮዬ መረጥኩ። አሸዋ ገበያ ገብቼ የእንጨት ሣጥኖችን በጣቴ እያንኳኳሁ፣ ጆሮዬን እየለጠፍኩ አዳመጥኩ። ነጋዴዎቹ ለሕመሜ አዘኑልኝ። ስትንኳኳ ከሁሉ ትንሽ የመለሰችልኝ ወፍራም፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች፣ ክዳኗ ላይ የባዕድ ፊደል ያለባት ሣጥን ነበረች። አማርኛውንም ገና በመከራ የማነብ ሰው ያን ፊደል ከየት ላነብበው? ጓድ ሊበን ግን እንዳያት ያነበባት መሰለኝ፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና ባልደረቦቹን ቀድመው እንዲያነሷት አዘዘ። ለካ የመድፍ ጥይት የመጣባት ሣጥን ነበረች። ውስጧን ድምፅ እንዲውጥ መጀመሪያ በጥጥ ጠቀጠቅኩት፤ አምፖሉ ሲግል ጥጡ ጨሰ፤ ኤዶ ሃዎ ለጎረቤት ወጥ አሮብኝ ነው አለች፤ ወጥ ግን አልሠራችም ነበር። በኋላ የሱፍ ብርድ ልብስ ቆርጬ ለበጥኩት፣ ለአየሩም ከላይና ከታች ቀዳዳ አበጀሁ። ብርድ ልብሱ የማን እንደሆነ ይገምቱ።

7ኛ. ሣጥኑ ወለሉን እንዳያንቀጠቅጥ አራት የላስቲክ እግር ያስፈልገው ነበር። ከአባቴ የቀኝ ነጠላ ጫማ አራት እግር በደንብ ይወጣል። አባቴ ሁለት ሳምንት የቀኙን ሲፈልግ ቆይቶ የግራውን ለሁለቱም እግሩ እያፈራረቀ አደረገው።

8ኛ. መስኮት ዘጋሁ። ከሁሉ የጎዳኝ ይህ ነው። ስለ ድምፅ ሳስብ አንድ ወር ስከርም ስለ መስኮቱ አንድ ደቂቃ አላሰብኩም። በድሬዳዋ በግንቦት ወር ከቀኑ በስምንት ሰዓት በሩንና መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ፣ በላዩ ላይ ምንጣፍ የሚሰቅል ሰው ጤነኛ እንዳልሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። በመስኮቱ ስንጥቅ ብርሃን ብልጭ ድርግም ሲል ያየው ጓድ ሊበን ምልክት መስሎታል። ኤዶ ሃዎ በሩ ላይ ቆማ ሲኒማ ነው፣ የውሻና የባሕር ሲኒማ ነው ብላ ብትምልለት፣ ድምፅ የሌለው ሲኒማ የት አገር አለ ብሎ ጠየቃት። ልክ ነው። መኪናው እንደ ወፍጮ ቢጮህ ኖሮ ጎረቤት ይሰድበን ነበር እንጂ ማንም አይጠረጥረንም ነበር። እኔ ግን በትጋቴ ብዛት ጥፋት ፈጠርኩ።

እውነቱን ልናገርና፣ ክቡር ሆይ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ በጣም ደስ ብሎን ነበር። በኖራ የተለሰነው ግድግዳችን ላይ ባሕሩ ሲመጣ ኤዶ ሃዎ እግሯን ትሰበስብ ነበር። ሳቃችን እንዳይሰማ የሻሻችንን ጫፍ አፋችን ውስጥ እንከት ነበር። በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ድምፅ የሚበልጠው የአባቴ ማንኮራፋት ነበር፤ እሱ ሲያቆም መኪናውን እናቆማለን፣ ሲቀጥል እንቀጥላለን። አንዲት ነገር ሠርቼ እንዳሰብኳት ስትሆን በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

9ኛ. ይህን ሳልጽፈው ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ጓድ ሊበን አባቴን ሲጠይቀው እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ ቆሜ ነበር። «የኔ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሁለት ቃል ናቸው። አባቴ በካናቴራ፣ በአንድ ነጠላ ጫማ ቆሞ አላውቅም ሲል፣ የመጋረጃውን ጫፍ ጨብጬ ቀረሁ። ቤት ውስጥ ካሉት መኪናዎች ሁሉ ይበልጥ ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ወደ አግዳሚው ሲሄድ ከኋላው እስከ በራፍ ሸኝቼው ተመልሻለሁ። ለአባቴ የነገርኩት በስድስተኛው ቀን ነው። አልተቆጣም። ቬንቲሌተሩ አልተቃጠለም ማለት ነው ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ከዚያም ስምሽን አላነሳም፣ ልጅ በአግዳሚ ላይ አትቀመጥም ብሎ እንደ ልማዱ ሄደ።

እንግዲህ ምስጋናዬን ላቅርብ።

አባቴን ስለ ማስታወስ ችሎታው ስላሰቡለት አመሰግናለሁ። ሣጥኑ ከተወሰደ ጀምሮ ጽሕፈት ቤቱ ፊልሞቹን በየቀኑ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ «እያጠና» መሆኑንም ሰምቻለሁ፤ ስለ ትጋታችሁ አመሰግናለሁ። ባሕሩን አሥራ አንድ ጊዜ፣ ውሻውን ደግሞ ከዚያ በላይ አጥንታችኋል። ይህን ያወቅኩት ከሰው ወሬ አይደለም፤ ቤታችን ድረስ ስለሚሰማ ነው። የላስቲኩን እግሮች ማስረጃ ናቸው ብላችሁ ነቅላችሁ መዝገብ ውስጥ ከትታችኋል፣ ብርድ ልብሱንም ገፈፋችሁት፣ ስለዚህ መኪናው እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ከትናንት ወዲያ ሐሙስ ዕለት አባቴ ከአግዳሚው ተመልሶ እንዲህ አለን፦ «ዛሬ ሰማሁት። ልንገራቸው እንዴ?»

የሳቅነው ትንሽ ጊዜ ነው። ያን ዕለት ማታ ሥራው ላይ እጁ ማንሻው ላይ እንዳለ ቆሞ አንቀላፋ። ባልደረባው ባይጮህበት ኖሮ ከጅቡቲ የመጣው የዕቃ ባቡር ፉርጎዎች ወደ ቆሙበት ሐዲድ ይገባ ነበር። አለቃው አንድ ጊዜ ይቅር ብሎታል፤ ሁለተኛ ጊዜ እንደማይኖር ነግሮታል። አባቴ ከዚህ ሥራ በቀር ሌላ አያውቅም። በባቡር የሚሳፈሩ ሰዎችም አባቴ መተኛቱን ወይም አለመተኛቱን አያውቁም።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ብቻ ነው። ከነገ ጀምሮ አባቴ ይተኛ፣ አግዳሚው ላይ እኔ ልቀመጥ። ብዙ አልናገርም፤ ማስቸገሬን በዚህ ይቀንሱልኝ። የምትጠይቁኝን ሁሉ በጽሑፍ እመልሳለሁ፤ ደብተር ይዤ እመጣለሁ። ሣጥኑም ቢመለስ ደስ ይለኛል። የማይመለስ ከሆነ ግን የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ በሞተሩ አንገት ላይ ጣል ይደረግበት፣ እግሮቹም ይመለሱለት።

በሚቀጥለው ሰኞ ማታ ለጉባኤ ወደ አዲስ አበባ በባቡር እንደሚሄዱ ከማስታወቂያው ላይ አንብቤአለሁ። መልካም መንገድ ይሁንልዎ። ሰኞ ማታ ማንሻው ላይ ተረኛው አባቴ ነው።

በግድግዳ ጥግ የምሄድ፣ ዛሬ ግን ግድግዳው ላይ የወጣሁ፣ ጤናዎንና የአባቴን እንቅልፍ እኩል የምመኝ፣

ዐስሊ ሰማታር
ቅዳሜ፣ ግንቦት 1980 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለአባቴ፣ ሲነቃ
ለኤዶ ሃዎ፣ መነጽር ስለሌላት እኔ አነብላታለሁ
ለአግዳሚው ወንበር፣ ስለ ትዕግሥቱ

ከደብዳቤው የቀረ፦ መዝገብዎ ላይ «ግብረ አበሮቹን አልገልጽም ብሏል» ተብሎ ተጽፏል። አባቴ የማያውቀውን ሊገልጽ አይችልም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ቺንጋውን የሰፋችው ልብስ ሰፊ በየቀኑ ከእኛ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ታይ ነበር፤ በውሻው ከሁላችንም ይልቅ ትስቅ ነበር። የምትሰፋው ልብስ ከሰው ልብስ ጋር እንዳይቀላቀልባት በሁሉ ላይ በቀይ ክር ትንሽ መስቀለኛ ምልክት ትወጋለች፤ ከልማድ የተነሳ ቺንጋውም ላይ ወግታለች። ቺንጋውን ገልብጠው ይዩት። ከዚያም የለበሱትን የካኪ ሸሚዝ አንገት ገልብጠው ይዩት። ይህን እንድጽፍ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኢስታር ራሳቸው ፈቅደውልኛል፤ ዒልሚ አንገቱን አይቶ አያውቅም፣ አሁን ይየው ብለዋል። ለምርመራ የሚጠሯቸው ከሆነ፣ ከምሳ በኋላ ባለችው ሰዓት ባይሆን ይሻላል፤ ያን ጊዜ እርስዎ ተኝተው ስለሆነ ቤት ውስጥ ድምፅ እንዳይሰማ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።